የደህናዎቹ ከተማ

በሾላ በር ከተማ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ላይ ሰው ሁሉ ደህና ነው። ይህ የአፍ ወሬ አይደለም፤ ተመዝግቦ የተቀመጠ ነገር ነው። ሁለት ሺህ ሰባ ስምንት ዓመተ ምሕረት፣ የካቲት መጀመሪያ ላይ፣ መዝገቡ ከተከፈተ አሥራ ሁለት ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ሲቀረው፣ በሺህ ስምንት መቶ ቤት ውስጥ አንድም ሰው፣ አንድም ጠዋት፣ ደህና አይደለሁም ብሎ አያውቅም።

ረድኤት ይታገሱ በዚያ ማክሰኞ ጠዋት ደህና ከመሆኗ በፊት ብዙ ሥራ ነበረባት። መጀመሪያ ታላቅ ወንድሟን ኖላዊን ክንዱን ይዛ ከአልጋው አነሣችው። ኖላዊ የስልሳ አንድ ዓመት ሰው ነው። እግሮቹ ስላበጡ ጫማ አይገባቸውም፤ ሲተነፍስ ደግሞ ደረቱ ውስጥ ውሃ የሚንጥ ሰው ያለ ይመስላል። ጋቢውን አልብሳ፣ በርጩማ ይዛለት፣ ከጓሮ ጌሾው ሥር አስቀመጠችው። ብርድ ነበር። ቢሆንም ትንፋሹ እቤት ውስጥ መሰማት አልነበረበትም።

«ከሳልህ አፍህን በጋቢው ያዝ፣ ወንድምዓለም» አለችው።

«ስንት ዓመት ነው የምትነግሪኝ? ሂጂ፣ ደህና ሁኚ» አላት፤ ሲያሾፍባት ነው።

ገብታ ፊቷን ታጠበች፤ ነጠላዋን አጣፋች፤ መስታወት አየች። ጠያቂዋ ዓይን እንደሌላት ከተማው ሁሉ ያውቃል። በበሩ መቃን ላይ የተለጠፈች፣ መዳፍ የምታህል ነገር ናት፤ ጆሮና ድምፅ ብቻ። ሰው ግን ፊቱን ሳይታጠብ ቀርቧት አያውቅም። ጎረምሶቹ ሳይቀሩ ከፊቷ ሲቆሙ ኮፍያቸውን ያወልቃሉ።

አንድ ሰዓት ሲሆን ጠያቂዋ ቀስ ብላ ጉሮሮዋን ጠረገች። ይህንን ያስተማራት የለም፤ ከሰው ለምዳ ነው።

«እንዴት አደራችሁ?»

«ደህና፣ ተመስገን። አንቺስ?»

«እኔም ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ውሃው ንጹሕ ነው?»

«ንጹሕ ነው፣ ተመስገን።»

«ሥራ ቦታ የበደልሽ ሰው አለ?»

«ምን በደል አለ? የለም።»

«እቤት ውስጥ የታመመ፣ ሕክምና የሚያስፈልገው ሰው አለ?»

ከጓሮ ሳል ተሰማ። ረድኤት ወዲያው እሷም ሳለች፤ ጮክ ብላ፣ ሁለት ጊዜ። «ብናኝ ገብቶብኝ ነው» አለች። «የታመመ የለም። ሁላችንም ደህና ነን።»

«ክፉ አይንካችሁ» አለች ጠያቂዋ። አራት ደቂቃ አልፈጀም።

ከአጥሩ ማዶ የጋሼ ማክቤልም ተራ ደርሶ ነበር። ጋሼ ማክቤል የእድሩ ሊቀ መንበር ናቸው፤ ድምፃቸው አጥር አይከለክለውም። የእሳቸው ጠያቂ እንደ ሁልጊዜው፣ «ባለቤትዎ ወይዘሮ ብሌንስ እንዴት አደሩ?» አለቻቸው።

«ደህና ናት፣ ተመስገን» አሉ።

ወይዘሮ ብሌን ከሞቱ ሦስት ዓመት አልፏቸዋል። የሞቱት ጎሕ ሲቀድ ነበር፤ ረድኤት አስከሬኑን ከሚገንዙት ጋር እዚያው ቤት ነበረች። አንድ ሰዓት ሲሆን ጠያቂዋ ጠየቀች፤ ጋሼ ማክቤል ፊታቸውን በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉና ደህና ናት አሉ። ያን ቀን ደህና ናት ብለው በማግስቱ ሞተች ማለት እንዴት ይሁንላቸው? ይኸው እስከ ዛሬ በየጠዋቱ ሚስታቸው ደህና ናቸው።

እንግዲህ ጠያቂዋን በየቤቱ የለጠፈውን ፈንዱን ማማት ነውር ነው። ሾላ በርን ሾላ በር ያደረገው ፈንዱ ነው። ድሮ የጨርቅ ፋብሪካው ቀለሙን ወንዙ ላይ ሲደፋ፣ ወንዙ ሰኞ ቀይ፣ ረቡዕ ሰማያዊ ሆኖ ይወርድ ነበር። ያን ጊዜ የፋብሪካው ባለቤቶች የሚያሳትሙት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ ወንዙ እንደ መስታወት የጠራ ነበር፤ ፎቶም ነበረው። በየአገሩ እንዲህ ያለ ሪፖርት በዛና ፈንዱን ያቋቋሙት ባለሀብቶች አንድ ቀን መረራቸው። ወረቀት ይዋሻል፣ ፎቶ ይዋሻል፣ ሥራ አስኪያጅ ይዋሻል፤ ከእንግዲህ የምናምነው የነዋሪውን አፍ ብቻ ነው አሉ። ነዋሪው በየጠዋቱ ይናገራል፤ ፈንዱ በተነገረው መሠረት ገንዘቡን ያንቀሳቅሳል። እንደዚያ ሆኖ ፋብሪካውን ገዙት፤ ወንዙን አጸዱት፤ ዓሣ ተመለሰበት። ሕፃናት ማቆያ ተሠራ፤ ክሊኒክ ተከፈተ፤ ክሊኒኩ ውስጥም የኩላሊት እጥበት ማሽን ገባ። ኖላዊ ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ በስምንት ሰዓት እዚያ ይሄዳል፤ ከሱ ጋር ሌሎች አሥር ሰዎች አሉ። የድሮው ወንዝ ሰውነታቸው ውስጥ ቀርቷል። የሚሄዱት በጓሮ መንገድ ነው፤ የክሊኒኩ መዝገብም የሕመምተኛ ምስጢር ስለሆነ ፈንዱ አያየውም።

ታዲያ ይህን ያደረጉልንን ሰዎች ደህና አይደለንም ብሎ ማሳዘን በማን አንጀት? ከተማው ያሰበው እንዲያ ነው። ደግሞም ቅሬታ ከበዛ ተቀይመው ይሄዳሉ ተባለ። ስለዚህ ጋሼ ማክቤል ከእድር ስብሰባ በኋላ ልምምድ ጀመሩ። እንዴት አደራችሁ ይላሉ እጃቸውን አንሥተው፤ አዳራሽ ሙሉ ሰው ደህና ይላል። የዘገየ ሰው ካለ ይደገማል።

በዚያው ማክሰኞ ረድኤት ከሥራ ስትመለስ አንዲት ወጣት በሯ ላይ ቆማ ጠበቀቻት። አስካለ ትባላለች፤ የፈንዱ ሠራተኛ ናት። በዚህ ዘመን ወጣቶቹ ናቸው የጥንት ስም ያላቸው፤ አስካለ፣ የሺመቤት፣ ጥሩነህ የሚባሉት እነሱ ናቸው። ኖላዊና ማክቤል የሽማግሌ ስም ሆኗል።

«እንኳን ደስ አለዎት፣ እትዬ ረድኤት» አለች አስካለ፣ የግብዣ ካርድ እየሰጠቻት። «ሐሙስ በአራት ሰዓት የምርቃት በዓላችን ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ያለ አንድ ቅሬታ! እንዲህ ያለ ከተማ በአገሪቱ የለም።»

ረድኤት ፊቷ በራ። «ታዲያ ምን ታመጡልናላችሁ?»

«ምን እናመጣለን? እንሄዳለን እንጂ። እናንተ እኮ ድናችኋል። የፈንዱ ደንብ ይኸው ነው፤ ደህና የሆነ ከተማ ይመረቃል፤ ዕቃው ወደሚቸገሩት ይሄዳል። ፋብሪካውና ውሃው የእናንተው ናቸው። ክሊኒኩ ውስጥ ያለው ማሽን ግን ሐሙስ ይጫናል። እዚህ የሚፈልገው ሰው የለማ።»

ረድኤት ካርዱን ገለበጠችው፤ ምንም አልተጻፈበትም። መልሳ ገለበጠችው።

«ማሽኑን?»

«ሺህ ስምንት መቶ ቤት በየጠዋቱ የታመመ የለም ይላል እኮ።»

«ግቢ እስቲ፣ ልጄ፣ ቆመሽ። ውሃ ጠጪ።» አፏ ይህን ነበር የሚያውቀው። ልጅቷን አስገባች፤ ወንበር ጠርጋ አስቀመጠች፤ ውሃ ቀዳች፤ ብስኩት ፈለገች። ብስኩቱን ሳህን ላይ ስትደረድር ሁለቱ ወደቁ። ያን ጊዜ ተቀመጠችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ፣ «ወንድሜ ታሟል» አለች። እንዲህ ዝቅ ባለ ድምፅ የምትናገረው ሰው ስታማ ብቻ ነው።

አስካለ ብርጭቆዋን አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከአምስት ዓመት። በሳምንት ሦስት ቀን ይታጠባል። ነርሷ አራት ቀን ከዘለለ ውሃው ልቡን ይይዘዋል ብላኛለች። ሌላ ማሽን ያለው ዋናው ከተማ ነው፤ ተራው ሰባት ወር ነው።»

«እትዬ ረድኤት፣ አምስት ዓመት ሙሉ ምነው ሳይነግሩን?»

«እንዴት ብዬ ልንገር? ሁሉም ሰው ደህና እያለ እኔ ብቻ?»

ልጅቷ ብርጭቆዋን ገፋ አደረገች። ፊቷ ላይ ቁጣ ነበር፤ በማን ላይ እንደሆነ ግን አልለየም። «እኔ የሰማሁት ከንቱ ነው» አለች። «ሠራተኛ የሰማው አይቆጠርም፤ ድሮ ሠራተኞች ስለዋሹ። ለጠያቂዋ ይንገሩ። ግን የአንድ ቤት ቃል ብቻውን የአንደበት ስሕተት ተብሎ ይታለፋል። ሦስት ጎረቤታሞች በአንድ ጠዋት ከተናገሩ ጭነቱ ይቆምና ሰው መጥቶ በአካል ያጣራል። እስከ ሐሙስ አንድ ሰዓት ነው ያላችሁ።» ተነሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር አለች። «ማሽኑ በሚሄድበትም ከተማ የሚጠብቅ ሰው አለ። እዚያ ያሉት ግን ተናግረዋል።»

ሦስት ጎረቤታሞች። በግራ ጋሼ ማክቤል፣ በቀኝ እትዬ ሶልያና። ረድኤት ከእትዬ ሶልያና ጀመረች፤ ምክንያቱም እትዬ ሶልያና ራሷ ትታጠባለች። ዓይኔን ልታይ ነው እያለች፣ ፊቷን ተሸፋፍና፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ከኖላዊ ተከትላ እዚያው አልጋ ላይ ትተኛለች። አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ተነጋግረው አያውቁም።

እትዬ ሶልያና ነገሩን ሰምታ ስትጨርስ ተነሥታ በሩን ዘጋች።

«ቀስ በይ፣ በሞቴ! ልጄ የሺመቤት ጓዳ ናት።»

«ማሽኑ ሲሄድ አንቺስ ምን ልትሆኚ ነው?»

«የልጄ ሽማግሌዎች ሐሙስ ጠዋት ይመጣሉ፤ ቀን ሊቆርጡ። እናቷ ኩላሊቷ የሞተ ነው ከተባለ ማን ያገባታል? በዘር ነው ይላሉ እኮ። ጎሽ ረድኤት፣ እንዳልሰማሁ አድርጊኝ።»

«እትዬ ሶልያና፣ ትሞቻለሽ።»

«ልሙት! ድሬያት ልሙት!» አለችና አለቀሰች፤ ድምፅ ሳታሰማ፣ ጓዳውን እያየች።

ጋሼ ማክቤል ደግሞ ደጃፋቸው ላይ ተቀምጠው ጥፍራቸውን ይቆርጡ ነበር። ቀና ብለው እንኳ ሳያዩዋት፣ «ሰምቻለሁ» አሉ። «ልጅቷ ላይ እንዳለቀስሽባት ሰምቻለሁ። አታፍሪም?»

«ወንድሜ ሊሞትብኝ ነው፣ ጋሼ።»

«ሁላችንም ሟች ነን። አሥራ ሁለት ዓመት የዚህን ከተማ ስም ጠብቀን አኑረን፣ ሊመርቁን ሲመጡ ውሸታሞች ነበርን ልንል ነው? ሰዎቹ ምን ይሉናል? ደግመው ወደዚህ አገር ዞር ይላሉ?»

«ውሸታሞችማ ነበርን።»

መቀሱን አስቀመጡ። «ምን አልሽ?»

ረድኤት ደሟ ፈላ። «እትዬ ብሌንን ክሊኒክ እንዳትሄድ የከለከሏት እርስዎ አይደሉም? የሊቀ መንበር ሚስት ታየች እንዳይባል!»

«ስሟን እንዳታነሺ!» ጋሼ ማክቤል ቆሙ።  «ውጪ ከደጄ። ወጥተሽ ሂጂልኝ።»

ረቡዕ ጠዋት ረድኤት ብቻዋን ሞከረች። ሌሊቱን ሙሉ ስትለማመደው ያደረች ዓረፍተ ነገር ነበራት። አንድ ሰዓት ሆነ፤ ጠያቂዋ ጉሮሮዋን ጠረገች፤ እንዴት አደራችሁ አለች። የረድኤት አፍ፣ «ደህና፣ ተመስገን» አለ። እሷ ራሷ ሰማችውና ደነገጠች። «አይ፣ አይደለም! ቆይ! ወንድሜ ታሟል።»

«ደህና ተብሎ ተመዝግቧል። መታረም ካለበት ከአጎራባች ቤቶች ተመሳሳይ ቃል ያስፈልጋል። እየጠበቅኩ ነው።»

በግራ በኩል የጋሼ ማክቤል ድምፅ መጣ፤ ደህና ናት፣ ተመስገን። በቀኝ በኩል የእትዬ ሶልያና፤ ኧረ ምን ጎድሎን፣ ደህና ነን።

«የአንደበት ስሕተት ተብሎ ተዘግቷል» አለች ጠያቂዋ። «ክፉ አይንካችሁ።»

ረድኤት ወደ ሥራ ሄደች። ሥራዋ የጨርቅ እንከን መፈለግ ነው። ጨርቁ ከፊቷ እየተዘረጋ ሲያልፍ፣ ክር የተበጠሰበትን ወይ ቀለም የዘለለበትን ካየች ጣቷን አስቀምጣ እዚህ ጋ ትላለች፤ ማሽኑ ይቆማል። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ከእሷ እጅ ያመለጠ እንከን የለም ይባላል። ያን ቀን ግን ሁለት ጥቅል ሙሉ ሳታይ አሳለፈች።

ማታ ኖላዊ እግሩን ትራስ ላይ ሰቅሎ ጥሩምባውን ሲወለውል አገኘችው። ኖላዊ የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው። መልእክት በየሰው ጆሮ ውስጥ በሚደርስበት ዘመን የሾላ በር ሰው ሞትን ግን በሌላ መንገድ አልሰማም ብሏል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲነፋ፣ ሳንባው እየከዳው እንኳ ለሌላ አላስረከበም።

«እንቢ አሉ አይደል?» አላት።

«እንቢ አሉ።»

«አትፍረጂባቸው። እኔም ጓሮ ተቀምጬ ሳሌን ስውጥ ነው የኖርኩት። ማንም አስገድዶኝ አይደለም።»

«አንተ ደግሞ! አሁን ለማን ልትነፋ ነው የምትወለውለው?» ብላ ጮኸችበት። ከዚያ እግሩ ሥር ቁጭ ብላ ያበጠውን እግሩን በሁለት እጇ ያዘች። እናታቸው ስትሞት እሷ የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች፤ ያሳደጋት እሱ ነው። ጸጉሯን ሳይቀር ይሠራላት ነበር፤ አጣሞ። ያለ እሱ አንድ ቀን እንዴት እንደሚዋል አታውቅም።

ሐሙስ ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ጥሩምባ ሰምታ ነቃች።

አልጋው ባዶ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። ድምፁ ከመንገዱ ዳር፣ ከዋርካው አካባቢ ነው የሚመጣው፤ ይነፋል፣ ያቋርጣል፣ ትንፋሽ ይፈልጋል፣ እንደገና ይነፋል።

«እድርተኞች! ስሙ! ሰማችሁ ወይ!»

ማን ሞተ ብላ ነጠላዋን አነሣች።

«አቶ ኖላዊ ይታገሱ ዐርፈዋል! አቶ ኖላዊ ይታገሱ! ለቅሶው ከአሁን ጀምሮ ነው! ቀብሩ ማሽኑ በሄደ በአራተኛው ቀን ነው! እድርተኞች!»

ረድኤት ድምፁ የሱ እንደሆነ እየሰማች፣ ሰውየው ቆሞ እንደሚናገር እያወቀች፣ ስሙ በዚያ ጥሩምባ ሲጠራ ሰውነቷ ሌላ አልጠየቀም፤ «ወንድሜን!» ብላ ጮኸች። ጩኸቷን የሰማ ሌላ ጮኸ። በየቤቱ በር ተከፈተ። ሰው ነጠላውን ዘቅዝቆ፣ ጫማውን በግራ በቀኝ ቀያይሮ ወጣ። እትዬ ሶልያና ደረቷን እየደቃች፣ «ጎረቤቴን! ጋሻዬን!» እያለች ከሁሉ ቀድማ ዋርካው ሥር ደረሰች። ደርሳም ሟቹን ጥሩምባ ይዞ ግንድ ተደግፎ አገኘችው።

 አንዲት ሴት ሦስቴ አማተበች።

ጋሼ ማክቤል ሰዉን ገፍተው መጡ። «ሟርተኛ! ቁመህ ራስህን ታረዳለህ? በእድር ዕቃ ትቀልዳለህ? ከዛሬ ጀምሮ ከእድሩ ወጥተሃል!»

ኖላዊ ለመናገር ትንፋሹን ጠበቀ። ሰው ሁሉ ያን ውሃ የሚናጥበትን ደረት ሰማው፤ ብዙዎቹ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ጋሼ፣ ስሞት ትመጣላችሁ። አውቃለሁ። እኔ ነኝ ሃያ ስድስት ዓመት የጠራኋችሁ፤ ቀርታችሁ አታውቁም። ድንኳን ትተክላላችሁ፤ ሦስት ቀን መሬት ላይ ትቀመጣላችሁ፤ ምን ሆኖ ነው ትላላችሁ፤ ኩላሊቱን ነበር ትላላችሁ፤ ትናገራላችሁ ያን ጊዜ። እኔ ከነዚያ ሦስት ቀኖች ውስጥ አንዷን ጠዋት ብቻ በቁሜ ስጡኝ ነው የምለው። ሌላውን አልፈልግም። ስሞት ማንም እንዳይመጣ።»

ከዚያ ተቀመጠ። ቆሞ መቆየት አልቻለም።

 አንድ ሰዓት ሊሆን አምስት ደቂቃ ይቀር ነበር፤ ይህን ሁሉም በሰውነቱ ያውቀዋል። ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ወደየቤቱ መበተን ጀመረ። ረድኤት ወንድሟን ደግፋ ወሰደችው። በዚህ ጊዜ ግን ወደ ጓሮ አላዞረችውም፤ ከጠያቂዋ ፊት፣ ወንበር ላይ አስቀመጠችው።

«እንዴት አደራችሁ?»

አፏ ተከፈተ። ያች ቃል ምላሷ ላይ ተዘጋጅታ ነበር። ረድኤት ዓይኗን ጨፈነች፤ ጨርቁ ሲያልፍ ታያት፤ ጣቷን ዘርግታ የበሩን መቃን ነካች።

«እዚህ ጋ» አለች። «እዚህ ጋ እንከን አለ። ደህና አይደለንም። ወንድሜ ኖላዊ ኩላሊቱ ታሟል። አምስት ዓመቱ ነው። ማሽኑ ከሄደ ይሞታል። አምስት ዓመት የዋሸሁሽ እኔ ነኝ።»

ኖላዊ ሳለ። አፉን አልያዘም።

«ከአጎራባች ቤቶች ተመሳሳይ ቃል ያስፈልጋል» አለች ጠያቂዋ። «እየጠበቅኩ ነው።»

በቀኝ በኩል የእንግዶች ድምፅ ነበር፤ የየሺመቤት ሽማግሌዎች በማለዳ ደርሰዋል። የእትዬ ሶልያና ጠያቂ ጠየቀች። «ተመስገን…» አለች እትዬ ሶልያና፤ ረድኤት ዓይኗን ጨመቀች።  ከዚያም፣ «እንግዶች ይቅርታ አድርጉልኝ። ልጄ፣ ይቅር በይኝ። እኔም ታምሜአለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ዓይኔን አይደለም የምታየው» የሚል ድምፅ መጣ። ወንበር ሲገፋ ተሰማ። የሺመቤት፣ «እማዬ!» ብላ ጮኸች።

ሁለት ሆኑ። በግራ በኩል ግን የጋሼ ማክቤል ጠያቂ ለባዶ ቤት ነበር የምትናገረው።

ረድኤት ወደ ደጅ ወጣች። ጋሼ ማክቤል መንገዱ መሐል፣ ሰው ትቷቸው በሄደበት ቦታ ላይ ቆመዋል። በራቸው ክፍት ነው። «እንዴት አደሩ?» ትላለች ጠያቂያቸው ከውስጥ። አንድ። ሦስቴ ጠይቃ መልስ ካጣች የትናንቱን መልስ ትመዘግባለች፤ ይህንንም ሕፃን ያውቀዋል። «እንዴት አደሩ?» ሁለት።

ረድኤት አልለመነቻቸውም። የምትለምንበት ቃል አልቆባት ነበር። ቆማ ብቻ አየቻቸው።

ሽማግሌው ተንቀሳቀሱ። እየሮጡ ነው ማለት ይቻላል፤ ደጃፉ ላይ ተደናቅፈው መቃኑን ያዙ።

«እንዴት አደሩ?»

«አለሁ።»

«ባለቤትዎ ወይዘሮ ብሌንስ እንዴት አደሩ?»

ጋሼ ማክቤል ኮፍያቸውን አወለቁ። 

«ብሌን ሞታለች» አሉ።

 «በመዝገቤ ላይ ትናንት ደህና ነበሩ።»

«ትናንት አይደለም። ሦስት ዓመቷ ነው። ይኸው የኖላዊ በሽታ ነው የገደላት። ውሃ ሞልቶ፣ እዚህ አልጋ ላይ፣ እየሰማሁ። አትሂጂ ያልኳት እኔ ነኝ።» ኮፍያቸውን ጨበጡ። «ለቅሶዋን እንኳ በወጉ አላለቀስኩም፤ ጠዋት ጠዋት ደህና ናት እያልኩ!»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት» አለች ጠያቂዋ። ይህንንም ከሰው ሰምታ መሆን አለበት፤ ለማን ልትለው እንደቻለች ግን ያወቀ የለም፤ በጠያቂዋ መዝገብ ላይ በሾላ በር እስከዚያች ቀን የሞተ ሰው አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አራተኛው ቤት ተናገረ፤ ከዚያ ማዶ ያለው። በር ሳይዘጋ የሚነገር ነገር በመንገዱ ወረደ። ኩላሊት ብቻ አልነበረም። ስለሚበዛ ፈረቃ፣ እጁን ስለማይሰበስብ አለቃ፣ ስለጠፋ ልጅ የሚናገር ነበር። አራት ደቂቃ የሚፈጀው ጥያቄ በዚያ ቀን እስከ ስድስት ሰዓት አላለቀም። የጭነት መኪናው በአራት ሰዓት መጥቶ ክሊኒኩ ደጅ ላይ ሞተሩን አጥፍቶ ቆመ። አስካለ ከሹፌሩ ጋር ተነጋግራ ባዶውን መለሰችው። ሲሄድ እስኪሰወር ድረስ ስታየው ነበር፤ በሌላው ከተማ ማሽኑን ለሚጠብቁት ሰዎች ማን እንደሚደውል ገና አልተወሰነም።

ማሽኑ የተፈቀደው ለሦስት ወር ነው፤ አጣሪው ሰው እስኪመጣ። ኖላዊ በስምንት ሰዓት በፊት ለፊት በር ገባ። ከእድር መባረሩን አንሥቶ የተናገረ የለም።

አርብ ጠዋት ረድኤት ነጠላዋን አላጣፋችም። ለጠያቂዋ የምትለውን ብላ ስትጨርስ ከአጥሩ ማዶ የጋሼ ማክቤልን ድምፅ ሰማች። እንዴት አደሩ አለቻቸው ጠያቂያቸው። ወገቤን ያመኛል አሉ። ከዚያ ጠያቂዋ ቀጥታ ወደ ውሃው ጥያቄ አለፈች፤ መዝገቡ ታርሟል። ጋሼ ማክቤል ግን ስለ ውሃው ቶሎ አልመለሱም። በመሐል ትመጣ የነበረችውን የብሌንን ጥያቄ ጠበቁ፤ ጠበቁ፤ ረድኤትም አጥሩን ይዛ አብራቸው ጠበቀች።